«ንቦቹ ለሌሎቹ ለምን አልመጡም?»፦ ጎንደር ውስጥ ከተጠራጠሩ የግቢ ተማሪዎች ጋር የተደረገ አገልግሎት፣ የጉዳይ ጥናት

ስለ ጉዳዩ

ይህ ጽሑፍ በ2017 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ጎንደር ከተማ ውስጥ በአንድ የከፍተኛ ትምህርት ተቋም ይማሩ በነበሩ ሰባት ተማሪዎችና እነሱን ለማገልገል በተነሡ የግቢ ጉባኤ (የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ተማሪዎች ኅብረት) አገልጋዮች መካከል የሆነውን ይመዘግባል። ስሞችና ሰዎቹን የሚያስለዩ ዝርዝሮች ወጥተዋል። ከሰባቱ ወደ ቤተ ክርስቲያን የተመለሱት ጥቂቶች ናቸው። ጉዳዩን ለመመዝገብ ያበቃው በብዙ ግቢ የሚደጋገም ስህተት እዚህ ከነምክንያቱ ቁልጭ ብሎ መታየቱና እርማቱም አብሮ መገኘቱ ነው።

ዳራ

ጎንደር ላይ ሃይማኖት በየቤቱ ብቻ የሚያዝ ነገር ሆኖ አያውቅም። ከተማዋ አርባ አራቱ ታቦት የሚባልላት ናት። የመጻሕፍት ትርጓሜው «ታች ቤት» የተባለው ስልት ከመምህር ኤስድሮስ ጋር ስሙ የሚነሣው፣ የአቋቋሙ (የዝማሬና የሽብሸባው) ጉባኤ በባታ ቤተ ክርስቲያን የሚታወቀው እዚሁ ነው። ስለ ክርስቶስ ባሕርይ የተነሣው የቅባት፣ የጸጋና የተዋሕዶ ክርክርም በነገሥታቱ ፊት የተካሄደባት ከተማ ናት። እንዲህ ባለ ቦታ «አላምንም» ማለት ከቤተሰብም ከማኅበርም ከዕድርም የመውጣት ያህል ይከብዳል። ስለዚህ የተጠራጠረ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ዝም ይላል፤ ማስቀደሱን ይተዋል፣ ጾሙን ካፌ ውስጥ በስውር ይገድፋል፣ እናቱ ስትደውል ግን «ቆርቤ ነበር» ይላል።

ሰባቱ፣ አምስት ወንዶችና ሁለት ሴቶች፣ ሁሉም በሕፃንነታቸው የተጠመቁ ነበሩ። አንደኛው እስከ 10ኛ ክፍል ድረስ በዲቁና አገልግሏል። ሌላኛዋ የሰንበት ትምህርት ቤት መዘምር ነበረች። የሚማሩት ጤና፣ ኢንጂነሪንግና ታሪክ ነው፤ ሁሉም ሁለተኛና ሦስተኛ ዓመት ላይ ደርሰዋል። ጥርጣሬው የመጣባቸው በተለያየ በር ነው፦ በባዮሎጂ ኮርስ፣ በቴሌግራም በሚዘዋወሩ ቪዲዮዎች፣ በጦርነቱ ዓመታት ባዩት ነገር። አንደኛው ማታ ዶርም ውስጥ በተነሣ ክርክር «እግዚአብሔር የለም» ብሎ እስኪናገር ድረስ አንዳቸው የሌላቸውን አያውቁም ነበር። በማግሥቱ ዶርሙ «የከሃዲዎቹ ዶርም» ተባለ።

መጀመሪያ የተደረገው

ግቢ ጉባኤው የወሰዳቸው የመጀመሪያ እርምጃዎች ሁለት ነበሩ፤ ሁለቱም ጉዳት አደረሱ።

አንደኛው ትልቅ የማታ ጉባኤ ነው። በከተማው ካሉት አድባራት በአንዱ አዳራሽ እንግዳ ሰባኪ ተጋብዞ «ሳይንስና ሃይማኖት» በሚል ርእስ አስተማረ። ሰባቱ ተጠርተው መጡ፤ ይህ ራሱ ቀላል ነገር አልነበረም። ሰባኪው መጽሐፈ ሄኖክን ማስረጃ አድርጎ አነሣ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። መጽሐፉ ሙሉ ሆኖ የቆየው በግእዝ ብቻ ነው፤ በ1770 እና 1771 እ.ኤ.አ. ጎንደር የኖረው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ቅጂዎቹን ወደ አውሮፓ ወስዷል፤ በኋላም በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻዎች የአረማይስጥ ቁርጥራጮቹ ተገኝተዋል። ይህ ለጎንደር ተማሪ በቂ ግርማ ያለው እውነት ነው። ሰባኪው ግን በዚህ ሳያበቃ «ቁምራን ላይ የተገኘው ከኛው ጋር ቃል በቃል አንድ ነው» አለ። የታሪክ ተማሪው እዚያው ወንበሩ ላይ ስልኩን አውጥቶ ፈለገ። ከምዕራፍ 37 እስከ 71 ያለው ክፍል ከቁምራን ቁርጥራጮች ውስጥ የለም፤ የከዋክብቱ ክፍል ደግሞ በአረማይስጡ ከግእዙ ይረዝማል። ጉባኤው ሳያልቅ መልእክቱ ለሰባቱም ደረሰ። ከዚያ በኋላ የተባለው ትክክለኛ ነገር ሁሉ አብሮ ወደቀ።

ያው ሰባኪ «ዝግመተ ለውጥ ግምት ብቻ ነው» ብሎም አልፏል። የጤና ተማሪዎቹ ፈተና የሚፈተኑበትን ትምህርት ነው እንዲህ ያለላቸው። በወረቀት ከተላኩት ጥያቄዎች ሦስቱ ተነበቡ፤ የቀሩት «በሰዓት እጥረት» ተባሉ። ጠያቂዎቹ ግን የተነበቡት ቀላሎቹ መሆናቸውን ቆጥረው ነበር የሄዱት።

ሁለተኛው እርምጃ የባሰ ነው። አንድ አገልጋይ በቅን ልብ፣ ግን ሳያስፈቅድ፣ የቀድሞው ዲያቆን እናት ዘንድ ደወለ። እናቱ አለቀሱ፤ ትምህርቱን አቋርጦ ጸበል እንዲገባ ዘመድ ላኩበት። ልጁ ስልኩን ዘጋ፤ ከግቢ ጉባኤው ሰዎች ጋር ሰላምታም ተወ። አገልጋዩ ቆይቶ በአካል ሄዶ ይቅርታ ጠይቋል። ሰላምታው ተመለሰ፤ ልጁ ግን በኋላ በተጀመረው ንባብ ላይ ሊቀመጥ አልፈለገም። በእሱ ቦታ የዶርም ጓደኛው ገባ።

ጥያቄዎቹን መለየት

ሥራው እንደ አዲስ የተጀመረው በሁለት ሰዎች ነው፦ በመጻሕፍት ጉባኤ ባለፉ አንድ ቄስና የባዮሎጂ ትምህርት በሚያስተምር አንድ አማኝ መምህር። ቄሱ በመጀመሪያው ቀን ያሉት ነገር የሁሉንም አካሄድ ወሰነ። በጉባኤ ቤት የሚጠይቅ ደቀ መዝሙር ጎበዝ ይባላል እንጂ ከሃዲ አይባልም፤ «አንድም» እያለ የሚተረጉም መምህርም አንዱን ንባብ በብዙ በኩል እያየው ነው። የዘመኑ ተማሪ የጎደለው ይህ ወግ ነው፦ የሚቀመጥበት ወንበርና የሚጠይቃቸው የኔታ።

መጀመሪያ የተደረገው ጥያቄ መሰብሰብ ነው። ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ቁራጭ ወረቀት ተሰጠ፤ ስም አይጻፍበትም። ሁለቱ አገልጋዮች ወረቀቶቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው በሦስት ክምር ለዩአቸው።

አንደኛው ክምር የዕውቀት ጥያቄ ነው። ለምሳሌ፦ «በየዓመቱ በዘመን መለወጫ ዓመተ ዓለም 7500 አለፈ ይባላል፤ ድንቅነሽ ግን 3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ነው። ማን ይዋሻል?» ሁለተኛው የታሪክ ጥያቄ ነው፦ «ክርስትና የነጭ መሣሪያ አይደለም?»፣ «የጎንደር ነገሥታት በእስላሙና በቤተ እስራኤል ላይ ያደረጉትስ?»፣ «ደርቡሽ በ1880 ዓ.ም. ጎንደርን ሲያቃጥል ደብረ ብርሃን ሥላሴን ንቦች አዳኑት ይባላል። ንቦቹ ለሌሎቹ ለምን አልመጡም?» ሦስተኛው ክምር አነስተኛ ነበር፤ የቁስል ጥያቄ ነው። አንድ ወረቀት ላይ «አባ ስለምፈራዎት መናዘዝ አልችልም» ብቻ ተጽፏል።

ይህ አከፋፈል ጠቃሚ ነው፤ ግን አንድ ወረቀት የተሳሳተ ክምር ውስጥ ገብቶ ነበር። ወደ እሱ እንመለሳለን።

የሳምንቱ አሠራር

መንግሥታዊ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ እንዲሆን ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 90 ስለሚያዝ ግቢ ውስጥ ምንም አልተደረገም። የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽም አልተመረጠም፤ ሰባቱ እዚያ ሲገቡ ሁሉም ያያቸዋል። የተመረጠው የባዮሎጂ መምህሩ ቤት ነው፦ ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት፣ ቡናና ቆሎ፣ ዘጠኝ ሰው ክብ ሠርቶ። ቅዳሜ 9 ሰዓት የተባለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሚጾመውም የማይጾመውም ደክሞት ስለሚሆን፣ ማታ ደግሞ ዶርም ስለሚዘጋ ነው።

ስብሰባው ከአንድ ሰዓት ተኩል አይበልጥም። ቡናው አሥር ደቂቃ፤ ንባቡ ሃያ አምስት፤ ጥያቄው አርባ፤ የቀረው ለሚቀጥለው ሳምንት አንድ ጥያቄ መምረጫ። የሚነበበው የማርቆስ ወንጌል ነው፤ 16 ምዕራፍ፣ በሳምንት አንድ። ማርቆስ የተመረጠው አጭር ስለሆነና የማያሽሞነሙን ስለሆነ ነው። ዘመዶቹ ጌታን «አብዷል» እንዳሉት በምዕራፍ 3፣ በገዛ አገሩ ተአምር ሊያደርግ እንዳልቻለ በምዕራፍ 6፣ ደቀ መዛሙርቱ ጥለውት እንደሸሹ በምዕራፍ 14 ይናገራል። የሚጠራጠር ሰው እነዚህን ሲያነብ «ፈጥረው የጻፉት ቢሆን ይህን ለምን ያስገቡታል?» ብሎ ራሱ ይጠይቃል። ይህን ጥያቄ አገልጋዩ ከቀደመው ኃይሉን ያጣል።

ሕጎቹ አራት ነበሩ። ስልክ ይፈቀዳል፤ ማንም የተባለውን እዚያው ማጣራት ይችላል። አንድ መልስ ከአምስት ደቂቃ አያልፍም። «አላውቅም፣ ለቅዳሜ ይዤ እመጣለሁ» ማለት ሙሉ መልስ ነው፤ ቅዳሜ ግን ይዞ መምጣት ግዴታ ነው። እዚያ የተነገረው ቴሌግራም ላይ አይወጣም።

ከሰነዱ በኩል የ1954 ዓ.ም. የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ፣ የ2000 ዓ.ም. ሰማንያ አሐዱ ዕትም እና የወንጌሉ አንድምታ (የአባቶች ትርጓሜ) ጠረጴዛው ላይ ነበሩ። የማርቆስ የመጨረሻ ክፍል፣ ምዕራፍ 16 ከቁጥር 9 እስከ 20፣ በጥንታዊዎቹ የሲናና የቫቲካን የግሪክ ቅጂዎች ውስጥ እንደሌለ ቄሱ በመጀመሪያው ሳምንት ራሳቸው ተናገሩ። ከኢንተርኔት ቢሰሙት ሌላ ሄኖክ ይሆን ነበር። ከአባታቸው አንደበት ሲሰሙት ግን «ታዲያ ቤተ ክርስቲያን ለምን ታነበዋለች?» ወደሚል እውነተኛ ውይይት ተለወጠ።

የዓመተ ዓለሙ ጥያቄ

ይህ ጥያቄ ሁለት ቅዳሜ ወሰደ፤ ለሌሎችም ስለሚጠቅም በዝርዝር ይጻፋል።

በመጀመሪያው ቅዳሜ የባዮሎጂ መምህሩ ብቻ ተናገረ። ድንቅነሽ በ1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ እንዴት እንደተገኘች፣ ዕድሜዋ ከአጥንቱ ሳይሆን ከእሳተ ገሞራ አመድ ንብርብሮች በአርጎን ልኬት እንዴት እንደሚሰላ አስረዳ። ሃይማኖተኛ ሰው ሳይንሱን ሳያጣምም ሲያስተምር ማየታቸው በራሱ ትልቅ ነገር ሆነ።

በሁለተኛው ቅዳሜ ቄሱ የበዓላትና የአጽዋማት ማውጫ የሆነውን ባሕረ ሐሳብን በወረቀት አሠሩአቸው። ከክርስቶስ ልደት በፊት የሚቆጠረው 5500 ዓመት እና 2017 ተደምሮ ዓመተ ዓለሙ 7517 ይሆናል። ለ19 ሲካፈል 12 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 11 ነው። 11 በ11 ተባዝቶ 121፤ በ30 ሲገደፍ (ሠላሳ ሠላሳው ሲወጣ) 1 ይቀራል፤ አበቅቴው ይህ ነው። 11 በ19 ተባዝቶ 209፤ በ30 ሲገደፍ 29፤ መጥቅዑ ይህ ነው። መጥቅዑ ከ14 ስለሚበልጥ የሚውለው በመስከረም ነው፤ መስከረም 29 ደግሞ ረቡዕ ነበር፤ የረቡዕ ተውሳክ (ለዕለቱ የሚጨመረው ቁጥር) 4 ነው። 29 እና 4 ተደምሮ በ30 ሲገደፍ 3 ይቀራል፤ ድምሩ ከ30 ስላለፈ ጾመ ነነዌ ከጥር አልፋ የካቲት 3 ገባች፤ ከእሷ 69 ቀን ሲቆጠር ፋሲካ ሚያዝያ 12 ዋለ። የኢንጂነሪንግ ተማሪዎቹ ስልካቸው ላይ ካለው ካላንደር ጋር ሲያመሳክሩ ልክ መጣ። ቄሱ ያስረዱት ነጥብ ይህ ነው፦ ዓመተ ዓለም ከመጻሕፍቱ የትውልድ ቆጠራ ተነሥቶ ጾምና በዓል የሚያወጣ ሥርዓት ነው፤ የድንጋይ ዕድሜ መለኪያ ሊሆን አልተሠራም።

አንዷ ተማሪ በዚህ አልረካችም። «ታዲያ አዳም እውነተኛ ሰው ነበር?» አለች። ቄሱ ቤተ ክርስቲያን አዎን እንደምትል ነገሯት፤ ከአጥንቶቹ ታሪክ ጋር እንዴት እንደሚገጥም ግን የሚያረካ መልስ እንደሌላቸውና ገና እያነበቡ መሆናቸውን አልሸሸጉም። ጥያቄው ተከፍቶ ቀረ። ተማሪዋም መምጣቷን አላቆመችም።

ከታሪኩ ክምር የነጭ መሣሪያ የሚለው ቶሎ አለቀ፦ በ4ኛው ክፍለ ዘመን መስቀል ያለበት የንጉሥ ዒዛና ሳንቲምና በቅዱስ አትናቴዎስ የተሾሙት አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን በቂ ነበሩ። በእስላሙና በቤተ እስራኤል ላይ የደረሰውን በተመለከተ ግን ማስተባበል አልተሞከረም። በ1668 እ.ኤ.አ. በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን በጎንደር ጉባኤ ተለይተው እንዲኖሩ መታዘዙ ተነግሮ፣ ክፉ ነበር ተባለ። የታሪክ ተማሪው ክርክር አዘጋጅቶ ነበር የመጣው፤ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው።

የንቦቹ ወረቀት

የንቦቹ ጥያቄ ተራው ሲደርስ ቄሱ እንደ ታሪክ መለሱት። ቃጠሎው የታወቀ ታሪክ እንደሆነ፣ የንቦቹ ነገር ከአባቶች በቃል የወረደ ትውፊት እንደሆነ፣ ትውፊትን እንዴት እንደምንቀበል በጥሩ አገላለጽ አስረዱ። አንድ የጤና ተማሪ «እሺ አባ፣ ገባኝ» አለ። ከዚያ ወዲህ በተከታታይ ስብሰባዎች አንድ ቃል አልተናገረም።

ነገሩ የወጣው ስኒ ሲታጠብ ነው። ልጁ ከባዮሎጂ መምህሩ ጋር ሳህን ላይ ጎንበስ ብሎ ስኒውን እያለቀለቀ፣ ቀና ሳይል ተናገረ። ታላቅ ወንድሙ በሰሜኑ ጦርነት ሞቷል፤ መርዶው የመጣው ከወራት በኋላ በስልክ ነው፤ አስከሬን የለም። እናቱ በየወሩ በ12 ለቅዱስ ሚካኤል ጧፍ ያበሩ ነበር። የጎረቤታቸው እናትም እንዲሁ ተስለው ነበር፤ የእሳቸው ልጅ ተመለሰ። «ለእነሱ ንቦቹ መጡ» አለ። ስኒውን ደፍቶ አስቀመጠ።

መምህሩ ምንም አልመለሰም። ለቄሱ ልንገርልህ ወይ ብሎ ጠየቀው፤ ልጁ ፈቀደ። ቄሱ ሲያገኙት ስለ እግዚአብሔር ፈቃድ ማብራሪያ አልሰጡም። «ልጄ፣ የወንድምህ የክርስትና ስም ማን ነው?» አሉት፤ ጽፈው ያዙ፤ በቅዳሴ ከሙታን ጋር እንደሚያስቡት ነገሩት። ቀጥለው ፍትሐት ተደርጎለት እንደሆነ ጠየቁ። አልተደረገም ነበር፤ እናቱ አስከሬን ካላየሁ አላምንም ብለው ስለነበር። ቄሱ በልጁ ፈቃድ ለቤተሰቡ ንስሐ አባት ደወሉ። ከፊተኛው ስልክ ጋር ልዩነቱ ይህች ፈቃድ ብቻ ናት።

በተከታዩ ቅዳሜ የማርቆስ ተራ ቆሞ በዕብራይስጡ ቁጥር መዝሙር 88፣ በግእዙ ዳዊት 87 ተነበበ። በዕብራይስጡ የመዝሙሩ የመጨረሻ ቃል ጨለማ ነው፤ መጽናኛ አይከተለውም። ልጁ ገጹን ገልብጦ ቀጣይ እንዳለው አየ። ከዚያ «ይህ በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ መኖሩን አላውቅም ነበር» አለ። ማንም አላብራራለትም። ምዕራፍ 15 ላይ ሲደርሱና «ኤሎሄ ኤሎሄ» የሚለው ሲነበብ የጠየቀው እሱ ነበር።

የሠራው እና ያልሠራው

በትምህርት ዘመኑ መጨረሻ ሁለቱ ንስሐ ገብተው ቆርበዋል። አንደኛው ቁርጡን አላምንም ብሎ ወጥቷል፤ እስከ ዛሬ ግን አብሯቸው ቡና ይጠጣል፤ መንገድ ላይ ፊቱን አያዞርም። ሦስቱ እየጠየቁ ናቸው። የንቦቹ ወረቀት ባለቤት አምናለሁ አላለም፤ ለወንድሙ ጸሎት ግን ከእናቱ ጋር ቆሟል።

የሠራው ከሁሉ በላይ የሰው ጥምረት ነው፦ ሳይንሱን የሚያውቅ አማኝና መጻሕፍቱን የሚያውቅ ካህን አንድ ክፍል ውስጥ ሆነው፣ አንዱ የሌላውን መልስ ሳይቀማ መቀመጣቸው። ከሁለቱ አንዱ ብቻውን ቢሆን አይበቃም ነበር። ከሕጎቹም ስልክ መፍቀዱ ያልተጠበቀ ጥቅም ሰጠ፤ አገልጋዮቹ ያላጣሩትን ከመናገር ተቆጠቡ።

ያልሠራውም አለ። ለጥምቀት ሁሉም በፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ምእመናንን ውኃ በማቅረብ እንዲያገለግሉ ተጋብዘው ሁለቱ ብቻ መጡ፤ ሌሎቹ «ካሜራ ፊት ሊያሳዩን ነው» ብለው ጠረጠሩ። ጥሪው ቀደም ብሎ፣ በግል፣ ያለ ማኅበሩ መለያ ልብስ መሆን ነበረበት። ሁለቱ ሴቶችም ለሁለት ወንድ አገልጋዮች የማይናገሩት ነገር እንደነበራቸው ዘግይቶ ታወቀ። ስሟ ሳይጻፍ «ስለምፈራዎት» ያለችው ከእነሱ አንዷ ነበረች። አንዲት እህት ከመጀመሪያው ብትኖር ኖሮ ያ ወረቀት ወራት አይቆይም ነበር።

ሌላ ግቢ ላይ ለሚሞክር

ቡድኑ ከስምንት ተማሪ አይብለጥ፤ ሲበዛ ውይይቱ ወደ ስብከት ይመለሳል። ከአገልጋዮቹ አንዷ ሴት ትሁን። ማርቆስን ለመጨረስ የፈተና ሳምንታትና የዕረፍት ጊዜ ሲቀነስ ሁለት ሴሚስተር ይፈጃል፤ ለተመራቂ ባች አይጀመር።

በጉባኤ የሚነገር እያንዳንዱ ቁጥር፣ ስምና «ተገኘ» የሚል ነገር ከመነገሩ በፊት ተማሪው በሚፈልግበት ቦታ፣ በስልክ፣ ይፈለግ። እውነቱ ብዙ ጊዜ ያለ ጭማሪ ይበቃል፤ ሄኖክም ያለ «ቃል በቃል» በቂ ነበር።

ለቤተሰብ ያለ ተማሪው ፈቃድ አይደወል። ተማሪው ዕድሜው ለአቅመ አዳም የደረሰ ነው፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 27 ከማናቸውም ግፊት የጠበቀለት እምነት የራሱ ነው፤ የሐዋርያው ጴጥሮስም መልስ በየዋህነትና በፍርሃት ይሁን ያለው ለዚሁ ነው።

ወረቀቶቹን ሲለዩ በታሪክና በዕውቀት ክምር ውስጥ «ለምን ለእነሱ ብቻ?»፣ «ለምን አልሰማም?» የሚል ቃል ያለበትን ሁሉ ለብቻው ያስቀምጡ። መልስ ከመስጠት በፊት ጠያቂው በግል ይጠየቅ፤ በቡድን ፊት ግን አይሁን።

በመጨረሻም፣ ተማሪው እንቅልፍ ካጣ፣ መብላት ከተወ ወይም መሞትን ካነሣ ጉዳዩን በጥርጣሬ ስም መያዝ አደገኛ ነው። ያን ቀን ንባቡ ይቅር፤ አንድ ሰው አብሮት ወደ ጤና ተቋም ይሂድ፤ ካህኑም በዚያ ይጎብኘው። የቅርቡ የሥነ አእምሮ ሕክምና የት እንደሆነና ማታ ስልክ የሚያነሣ ካህን ማን እንደሆነ የመጀመሪያው ቡና ሳይፈላ በፊት ተጽፎ በእያንዳንዱ አገልጋይ እጅ መገኘት አለበት።